ከስንዝር ወዲያ

ጥልፍ ጠላፊዋ ጨርቁን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ነበር የምትሠራው። ባልደረቦቿ «ኧረ አፍንጫሽን እንዳትሰፊው!» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። በመርፌ ቀዳዳ ክር በማስገባት ግን የሚቀድማት አልነበረም። ሰውን የምትለየው በድምፁና በአረማመዱ ነው። ዓለም ለሁሉም ሰው እንዲሁ በጭጋግ የተሸፈነች ይመስላት ነበር።

ከታላቅ እህቷ ጋር ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው በተቀበረች በሳምንቱ፣ ታላቅየዋ ከመንገድ ማዶ ሆና እጇን እያወዛወዘች ስትጠራት፣ ታናሽየዋ ቀና ብላ አይታ ዝም ብላ አለፈች። «ዓይኗ እያየ ናቀችኝ» አለች ታላቅየዋ፤ ቂም ቋጠረች። ታናሽየዋ ሁለት ጊዜ በሯን አንኳኩታ አልተከፈተላትም። ጎረቤት የኩርፊያውን ምክንያት ሲነግራት፣ «ከመንገድ ማዶ ማን ሰው ይለያል? ሰበብ ፈልጋ ነው» አለችና ሆድ ባሳት። ከዚያ ወዲያ እግሯን ሰበሰበች።

አንድ ቀን የዓይን መርማሪ ወደ ጥልፍ ቤቱ መጣ። ጽሑፍ አሳይቷት ቀስ እያለ አራቀባት። ስንዝር ያህል እንደራቀ ፊደሉ ተድበሰበሰ።

«የጠራ እይታዎ እዚህ ላይ ያበቃል» አላት። «ከዚህ ወዲያ ካለ ነገር የሚመጣው ብርሃን፣ ዓይንዎ ውስጥ ከኋላ በኩል ምስል የሚያርፍበት መጋረጃ ላይ ሳይደርስ ይሰበሰባል፤ ለዚህ ነው የሚደበዝዘው። ሩቁ እየታየው ቅርቡ የሚደበዝዝበት ሰውም አለ።»

«ሌላው ሰው ከመንገድ ማዶ ፊት ይለያል እንዴ?»

«ዓይኑ ጤነኛ ከሆነ፣ አዎ።»

መርፌዋን አስቀመጠች። እንባዋ መጣ።

መርማሪው ያዘዘላት መነጽር በደረሰላት ዕለት በቀጥታ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ታላቅየዋ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ታናሽየዋ ከማዶ ፊቷን አየችው፤ ጉንጮቿ ገብተዋል፣ ፀጉሯ ሸብቷል።

«እትዬ፣ ያን ቀን አላየሁሽም» አለቻት ተሻግራ።

«እጄን እያወዛወዝኩ?»

«እጅ መሆኑንም አላወቅሁም።»

መርማሪው ስለ ዓይኗ የጻፈላትን ወረቀት ሰጠቻት። ታላቅየዋ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ አራቀችው፤ እንዲያም ሆኖ ፊደሉ አልታይ አላት።

«አንብቢልኝ» አለች።

ታናሽየዋ አነበበችላት። ታላቅየዋ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው።

«በሩን ስታንኳኪ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከጀርባው ቆሜ ነበር።»

እርቁ በአንድ ቀን አላለቀም፤ አራት ዓመት ቀላል አይደለም። ቅዳሜ ግን ታናሽየዋ እህቷን ይዛ ወደ መርማሪው ሄደች።