ግጥም ያቆማት ታክሲ

«መኪናዋን ገደል አፋፍ ላይ አላቆምኳትም፤ ቦይ ነው!» አልኩ።

«ነጋዴው ገደል ነው ብሏል» አሉ ሻምበሉ፣ የአሰላ የትራፊክ ሹም፣ መዝገቤን እየገለጡ። «ግጥሜን ሰምተህ ካልፈረድክልኝ አልነዳም ብለኸዋል። አላልክም?»

«አስተያየት ነው የጠየቅሁት።»

«የአቦምሳ ከብት ነጋዴ ነው! ምን አስተያየት አለው?»

ይህ የቆየ ክስ ነበር። የዕለቱ ከሳሽ ወይዘሮ የሺ ጥቁር ለብሰው ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የእሳቸው ክስ ከጸና መንጃ ፈቃዴ ይወሰዳል። ከመንዳትና ከመግጠም ሌላ ሙያ የለኝም፤ ገጥሞ ያደረ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመኪናዋ ባለቤት እንዲህ ብለውኝ ነበር፦ «ዘይቱን ለካ፣ ውሃ ሙላ፣ ጎማውን እይ፣ የሞተር ማስነሻውን ማኖቬላ ከወንበር ሥር አትለይ። ሰው ከጫንክ በኋላ ግን አፍህን ዝጋ።» አራቱን ጠበቅሁ። አምስተኛው ከበደኝ። ሌላ ቦታ ግጥም ሳነብ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ተሳፋሪ ግን በር የተዘጋበት አድማጭ ነው።

ወይዘሮ የሺ የሲሬው ወንድማቸው አቶ ደምሴ አርፈው ለቀብር ሲሄዱ የጫንኳቸው እኔ ነኝ። ከኋላ ጎረቤታቸው ኦቦ ገመዳ ከነባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ የሺ ከጎኔ ሆነው ሙሾ ያዘጋጃሉ፦ «አንበሳዬ፣ ነብሬ፣ ጠላት የሚፈራህ…»

ሦስት ጊዜ ታገሥኩ። በአራተኛው፣ «እትዬ የሺ፣ ይቅርታ» አልኩ። «ጋሼ ደምሴ ደንበኛዬ ነበሩ። አንበሳ አይደሉም። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ዶሮ ሲንፈራገጥ ፈርተው ‹አውርደኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ› ያሉኝ ሰው ናቸው።»

«መንገድህን እይ!»

«የውሸት ሙሾ እንባ አያመጣም ብዬ ነው።»

«እህቱ እኔ ነኝ፤ እንባው የኔ ነው! ንዳ!»

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ግጥሙ መጣልኝ፤ እውነተኛው። የሞተሩ ጩኸት እንዳያበላሽብኝ መኪናዋን አቁሜ አጠፋኋትና አነበነብኩላቸው። ዝምታቸው አድናቆት መሰለኝ። ለካ የሚጠብቁት የሞተሩን መነሣት ኖሯል።

ባትሪዋ ደካማ መሆኑን አውቅ ነበር። ማኖቬላውን እጄ እስኪላጥ አዞርኩ፤ እምቢ አለች። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ኦቦ ገመዳ በትራቸውን መኪናዋ ውስጥ ወርውረው ገፉ።

«ልጄ» አሉኝ ኦቦ ገመዳ እያለከለኩ፣ «በእግራችን ብንመጣ ኖሮ ይሄኔ አልቅሰን ጨርሰን ነበር።»

ሲሬ ስንደርስ ቀባሪው እጁን ታጥቦ ድንኳን ገብቷል።

«እንግዲህ እንዲህ አድርጎ ነው ያስቀረኝ» አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ነገሩን ሁሉ ለሻምበሉ ከተናገሩ በኋላ።

ሻምበሉ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ለመሆኑ ግጥሙ ምን ይላል?»

አፌን ከፈትኩ።

«አንተን አይደለም» አሉኝ።

ወይዘሮ የሺ ቆሙ። በቃላቸው ይዘውታል፦

«ደጅህ የማይዘጋ፣ እንግዳ የሞላበት፣
ዛሬ ምን ቤት ሠራህ፣ ብቻ የገባህበት?»

«ድንኳኑ ውስጥ አወጣሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ለቀስተኛው እስከ ሰልስት ሲቀባበለው ሰነበተ።»

ሻምበሉ መሐረባቸውን አወጡ። ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አፍንጫቸውንም። ዳንኩ አልኩ በልቤ። ዳኛን ያስለቀሰ ተከሳሽ ማን ይቀጣዋል?

«ግሩም ነው» አሉ። «መንጃ ፈቃድህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ።»

አስቀመጥኩ። ሻምበሉ መሳቢያቸውን ስበው ከተቱት። ንዴቴ አላስችል ብሎኝ ወደ ወይዘሮ የሺ ዞርኩ፦ «እንግዲያውስ ግጥሜን ይመልሱልኝ!»

«ወንድሜን የምቀብርበትን ቀን መልስልኝና ውሰደው» አሉኝ።

ለምትነዱ ሁሉ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ሰው ታክሲ የሚሳፈረው ሊደርስ ነው።

ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።