የተርቦቹ ማር

ቦንጋ፣ ሰብል ጥበቃ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ተርብ ልታረቢ ነው የተቀጠርሽው? ንብ ቢሆን እንኳ ማር እንቀምስ ነበር» አሉኝ። ቢሮው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እስከ ዛሬም አልሳቅኩም።

ለአዲስ ገቢዎች ልንገራችሁ፤ የእኛ ተርብ ሰው አትነድፍም። ከትንኝ አትበልጥም። በቆሎ የሚፈጀውን ተምች ፈልጋ እንቁላሏን ገላው ውስጥ ትጥላለች። ልጆቿ ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጡና የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነጭ ሽፋን ሠርተው ይተኛሉ። ከዚያ ክንፍ አውጥተው ሌላ ተምች ፍለጋ ይሄዳሉ። ገበሬው መርዝ አዝሎ ከመዋል ያርፋል።

ክንፍ ያወጣች ተርብ ጣፋጭ ትፈልጋለች። ስለዚህ በስስ ጨርቅ በተሸፈነው ሳጥን ውስጥ ማር የነካ ጥጥ አንጠለጥላለሁ። ማር በጠየቅሁ ቁጥር አቶ ደምሴ «ለተርቧ ነው ለባለተርቧ?» ይላሉ። ወሬው ተዛመተ። ገጠር፣ ደካ ድረስ ለሥራ ብሄድ የማላውቀው ሰው «ማር የሚልሱት ሴትዮ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

አንድ ጊዜ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። በሕይወት ያለ ተርብ ካላዩ ክፍሌ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል። እኔ ከበቆሎ ማሳ ትል ልሰበስብ ዋጫ ሄድኩ። ስመለስ ከኮሪደሩ ጀምሮ ፍሊት ይሸታል።

«ምን ተደረገ?» አልኳት የጽዳት ሠራተኛዋን ዘነበችን።

«እትዬ፣ እንግዳ ዝንብ እንዳያይ ርጪ አሉኝ አቶ ደምሴ። አንድም አልተረፈ!» አለች ደስ ብሏት።

እውነትም አንድም አልተረፈም። ተርቦቼ ሳጥኑ ውስጥ ተነጥፈዋል።

አቶ ደምሴ መጥተው አዩ። «ተኝተው ነው ብንልስ?» አሉ።

ከዋጫ ባመጣሁት ሳህን ላይ ነጭ ሽፋን የሠሩ፣ ክንፍ አውጥተው ለመውጣት የደረሱ የተርብ ልጆች ነበሩ። ፍሊት ያልገባበት ክፍል ፈለግሁ። የተገኘው የአቶ ደምሴ ቢሮ ብቻ ነው፤ ሽታው ራሴን ያሳምመኛል ብለው አላስረጩትም። ሳህኑን በጨርቅ ሸፍኜ መስኮታቸው ሥር አኖርኩት። ጨርቁ እንዴት እንደላላ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ እንግዶቹ እዚያው ቢሮ ተቀመጡ፤ ዳቦና ማር ቀረበ። ይህ ማር ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ትንሽ ቆይቶ ማሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች አረፉ። አቶ ደምሴ ጋዜጣ ጠቅልለው እጃቸውን አነሱ። ያዝኳቸው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሊመቱት ያሉት ላቦራቶሪያችንን ነው።»

የእንግዶቹ መሪ፣ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ ጎንበስ ብለው አዩ። «እነዚህ ናቸው ተርቦቹ? ማር ይበላሉ እንዴ?»

ሁሉም ወደ አቶ ደምሴ ዞረ።

«አዎ» አሉ ጋዜጣውን ቀስ ብለው እያስቀመጡ። «ማሩን የሚበሉት እነሱ ናቸው።»

ክፍሌ መጋዘን ከመሆን ተረፈ።

የተማርኩት ይህን ነው፤ ተርብ የሚረባበት ቤት ፍሊት አይገባም። ማሩንም የበሉት ተርቦቹ ናቸው። ምስክር አለኝ።