ያልተገለበጠችው እንቁላል

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና ክረምት፣ ቡራዩ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው እባብ ስላለበት አይደለም። እባቡንስ ለምጄዋለሁ። የማይለቀኝ የአባቴ እጅ ነው።

መጀመሪያ እባብ ቤቴ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ፤ አለዚያ ብዙ አንባቢ እዚሁ ላይ አማትቦ ይተወኛል። እኔ የዶሮ መኖ መደብር ውስጥ ሻጭ ነኝ። መኖ ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ያለበትን ደግሞ እባብ ፈልጎ ያገኘዋል። አንድ ቀን ጆንያ ሲነሣ ከሥሩ ቡናማ፣ ቀጭን፣ ከክንዴ ትንሽ የምትረዝም እባብ ተጠቅልላ ተገኘች። ጫኞቹ አካፋ ሊያመጡ ሮጡ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣኋትና ኢንተርኔት ላይ ሳመሳስላት መርዝ የሌላት፣ አይጥ በልታ የምታድር የቤት እባብ መሰለችኝ። አሁን ሳስበው እብደት ነበር። በባዶ ከረጢት አድርጌ ይዣት ወጣሁ።

ክዳኑ የተበሳሳ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ፣ መደበቂያ እንዲሆናት የሸክላ ስባሪ ሰጥቼ፣ ክፍሌ ውስጥ አስቀመጥኳት። ስሟን ቡኒት አልኳት። ሰፈሩ ወዲያው ሰማ። «ባል ቢጠፋ እባብ አገባች» ብለው የሳቁብኝም ነበሩ። ቢያንስ ቡኒት አታኮርፍም እያልኩ አብሬያቸው እስቅ ነበር።

ያኮረፈው አባቴ ነው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው፤ ለእሱ እባብ ሔዋንን ያሳተ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። «እባብ የነካ እጅ ያቀረበውን አልበላም» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር፤ ግን በማግስቱ ሽሮውን ራሱ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ንግግራችን «ደህና አደርሽ» እና «ደህና እደሪ» ብቻ ሆነ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የዶሮ ሰው ነበር። ግቢያችን ውስጥ ራሱ የሠራው የቆርቆሮ ዶሮ ቤት አለ፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ከጣውላ የሠራው፣ በአምፖል የሚሞቅ የእንቁላል ማስፈልፈያ አለ። ከሰበታ ሳይቀር ሰዎች ጫጩት ሊገዙት ይመጡ ነበር። እናቴ በድንገት ታመመችና ሐኪም ቤት ሳንደርስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ እጁ ላይ አረፈች። ዓመት ሳይሞላ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገብቶ ዶሮዎቹን ጨረሳቸው። በየጠዋቱ የሞቱትን እየለቀመ ይቀብር ነበር። የመጨረሻዋን ቀብሮ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና መዳፉን አየ። «ይኼ እጅ ተረግሟል» አለ።

ሐዘን ነው ያናገረው ብዬ አለፍኩት። እሱ ግን የምሩን ነበር። ዶሮ መልሶ አልገዛም። ችግኝ ትከልልን ስንለው እንኳ «እናንተው ትከሉት፣ እንዲጸድቅ» ይለን ነበር።

ቡኒትን ካመጣኋት ብዙም ሳይቆይ መብላት አቆመች። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ስሰጋ፣ አንድ ጠዋት ሳጥኗን ብከፍት ነጫጭ፣ ሞላላ፣ ሲነኩ እንደ ቆዳ የሚለሰልሱ እንቁላሎች ተቆልለው አገኘሁ። ለካ ስይዛት አርግዛ ኖሯል! ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ ያዘኝ። እሷ እቴ፣ ጥላቸው ሄዳ ጥግ ላይ ተኝታለች።

ያን ቀን ሥራ ገብቼ መኖ እየሸጥኩ ሙሉ ቀን ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። የእባብ እንቁላል ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል። ከዚያ ሌላ ከዶሮ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። የዶሮ እንቁላል በየቀኑ ካልተገለበጠ ጫጩቱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። የእባብ ግን አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል። ስለዚህ ማታ እንቁላሎቹን እርጥብ ሰጋቱራ ላይ ስደረድር የላይኛው ጎናቸው እንዳይጠፋኝ አናታቸው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። አንዷ ከሸክላው ስባሪ ጋር ተጣብቃ አልላቀቅ ስላለችኝ ከነስባሪው አስቀመጥኳት።

ቡራዩ ክረምቱ ብርድ ነው። ሙቀት ያለው የአባቴ ማስፈልፈያ ውስጥ ብቻ ነው። ፈራ ተባ እያልኩ ሄድኩ።

«አባዬ፣ ማስፈልፈያውን ልጠቀምበት?»

«ለምን?»

«እባቧ እንቁላል ጥላ።»

አማተበ። ተነሥቶ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደ። ሊሰባብረው ነው ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ቆይቶ አቧራ ሲያራግፍ ሰማሁ። «አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

እንቁላሎቹን ካስገባሁ በኋላ ሱሉልታ ያለችው እህቴ ሴት ልጅ ተገላገለች። እናት ስለሌለን ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ሕፃኗን የሚያጥብላት እኔ ነኝ። መሄድ ነበረብኝ። አባቴን «አደራ፣ መብራት ከጠፋ ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልተህ አስገባላቸው» አልኩት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም። የእባብ እንቁላል በእጁ ይነካል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም፤ ዶሮ ቤቱን ከፍቶ መብራቱን ካየልኝ ይበቃኛል ነበር ያልኩት።

ከሱሉልታ ስደውል ግን አባቴ ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ «ደህና ናቸው» ብቻ ይለኝ ነበር። እየቆየ ወሬው ረዘመ፦ ዛሬ መብራት ሄዶ ነበር፣ ውሃ አሙቄያለሁ፣ ሰጋቱራው ደርቆ አርሼዋለሁ። አንድ ቀን ስልኩን ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ተቀበሉት።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ! አባትሽ ከዚያ ሳጥን አልነቃነቅ አለ እኮ። የቦፋ ሞግዚት ሆነልሽ!»

«ኧረ ይተዉት ኦቦ ገመዳ፣ እንዳያፍር!» አልኳቸው። ቦፋ በኦሮምኛ እባብ ማለት ነው። ከሩቅ የአባቴን ሳቅ ሰማሁት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። ለአራሷ እህቴ ስነግራት እሷም ዓይኗ እንባ ሞላ።

እህቴ ስትጠነክር ተመለስኩ። ዝናብ እየዘነበ ነበር። አባቴ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ዶሮ ቤቱ ወሰደኝ፤ የማስፈልፈያውንም ክዳን ራሱ ከፈተው።

የእርሳስ ምልክቶቼ አናት ላይ አልነበሩም። አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ግድግዳው ዞሯል፣ ሌሎቹ ጭራሽ አይታዩም።

«ጠዋትና ማታ ሳላጓድል ገለበጥኩልሽ» አለኝ። «ገልብጥ ሳትዪኝ ብትሄጂም የዶሮ ሰው አይደለሁም እንዴ? መጀመሪያ ላይ ጎፍንኖኝ ነበር። አማትቤ ነካኋቸው። ያችን ከሸክላው የተጣበቀችውን ብቻ እንዳልሰብራት ፈርቼ ተውኳት። እሷ ተበላሽታ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከዚያ መዳፉን አየት አደረገና፣ ቀስ ብሎ፣ «ከዚያ ክፉ ጊዜ ወዲህ እጄን ወደ እንቁላል ስዘረጋ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

ምን ልበለው? አንዳንዶቹ ተርፈው ይሆናል አልኩ በልቤ፤ ማን ያውቃል፣ ስልክ ላይ ያለ ሁሉ እውነት አይደለም። ጎንበስ ብዬ እጁን ሳምኩት። ያን ቀን «ምሳ አለ?» ብሎ መጣና እኔ ያቀረብኩትን በላ።

የተረፈ ግን አልነበረም። እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ይሰረጉዱ ጀመር፤ ቀጥሎ ሻጋታ አበቀሉ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እየጠበቅሁ አወጣቸው ነበር። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንቁላል ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ የእንቁላሎቹ መጉደል አላመለጠውም። አልጠየቀኝም፤ ፊቱ ብቻ በየቀኑ ይጠቁር ነበር። ሄዶ ያያል፣ ክዳኑን ይመልሳል፣ ይወጣል።

ከሸክላው የተጣበቀችው ቀረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅርፊቷ ተሰንጥቆ የጣት ጫፍ የምታህል ራስ ብቅ ብላ አየሁ። ምላሷን አውጥታ መለሰች። ጮኼ አባቴን ጠራሁት።

መጥቶ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ጫጩት ሲፈለፈል ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ባዶውን ሰጋቱራ አየ፤ ሸክላውን አየ።

«ይቺ ያልነካኋት ናት» አለ።

«አባዬ ስማኝ፣ የእባብ እንቁላል አይገለበጥም። ጠባዩ ነው። የዶሮ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በአንተ እጅ ይፈለፈሉ ነበር። አልነገርኩህማ፣ በምን ታውቃለህ?» አልኩት። ቃላቱ እርስ በርስ ተጋጩብኝ። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን ከፈትኩለት። የማያውቀው ቋንቋ ነው፤ ግን እኔን ላለማሳዘን እስከ መጨረሻው አየልኝ።

«እውነትሽን ነው» አለኝ ሲያልቅ። «የነካኋቸው ሞቱ፣ ያልነካኋት ወጣች። አንቺም የምትነግሪኝ ይኼንኑ ነው።»

የተናገርኩት እውነት ነው፤ ያው እውነት ግን እሱ ጋ ሲደርስ የእርግማኑ ማስረጃ ሆነ። ከኦቦ ገመዳ ጋር ሆነን ብዙ ጊዜ አስረድተነዋል። እሳቸው «በእኔ እናት ቤት ቦፋ ማንም አይነካትም ነበር፣ አንተ ወዳጄ በቅንነት ነካህ፣ ጥፋት የለብህም፣ በቃ!» ብለው ተቆጡት። እሺ ይላል። ሁልጊዜ እሺ ነው የሚለው።

የሕፃኗ ክርስትና ሲደርስ ሱሉልታ ሄድን። እህቴ ልጇን በነጭ ጠቅልላ «እንካ አባዬ፣ ያዛት» ብላ ዘረጋችለት። አባቴ ወደ ኋላ ተራመደ። «ይቆይ፣ ጉንፋን ይዞኛል» አለ። ጉንፋን አልያዘውም። እህቴ ሕፃኗ ሴት ስለሆነች የናቃት መስሏት ፊቷ ተለወጠ። ጓዳ ወስጄ ምክንያቱን ስነግራት ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ያን አያያዟን አልወደድኩትም። ለአንድ አፍታ እሷም የፈራች መሰለኝ።

ቡኒት አሁንም አለች፤ ልጇም አድጋለች። አባቴ አያኮርፈኝም፣ ያቀረብኩትን ይበላል። ይህን ሳስብ አንዳንዴ ተመስገን እላለሁ። አምና ጥሩ ዘር ያላቸው የዶሮ እንቁላሎች አምጥቼ ማስፈልፈያው ውስጥ አስገባሁና «በል፣ ይኼ የአንተ ነው፣ ገልብጥልኝ» አልኩት። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «አንቺ ገልብጪ፣ እኔ እነግርሻለሁ» አለኝ። እሱ እየተናገረ እኔ ገለበጥኩ። ጫጩቶቹ ደህና ወጡ። አንዱንም አልነካም።

ባለፈው በዓል እህቴ ከልጇ ጋር መጣች። ሕፃኗ መሮጥ ጀምራለች። አባቴን ስታይ «አባባ!» ብላ ሁለት እጇን ዘርግታ ሄደችበት። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ሰጣት፤ ሳመችው። እሷ ግን እንዲያነሣት ነበር የፈለገችው፤ እግሩን ይዛ ወደ ላይ እያየችው ታለቅስ ጀመር። ብዙ አለቀሰች። ሁለቱም እጆቹ ጋቢው ውስጥ ነበሩ፤ አላወጣቸውም።