ምጽዋ ለመሄድ ያሰብንበት ክረምት

ምጽዋ የመሄዱን ሐሳብ ያመጣችው ልጄ ናት። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ የዓመት ፈቃድ የሚሰጧት ነሐሴ ላይ ነው። አውሮፕላን እንደገና ወደ አስመራ መብረር እንደ ጀመረ በሰማች ሰሞን ደወለችና፣ «እማዬ፣ በዚህ ክረምት ምጽዋ እንሄዳለን፤ እንዳትከራከሪኝ» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ክርክር ስትጠብቅ ስለ ነበር ጆሮዋን አላመነችም።

«እሺ ነው ያልሽው?»

«እሺ። ነሐሴውን ግን ተይው።»

«ፈቃዴ ነሐሴ ነዋ። ደግሞ እኛ የሸዋ ሮቢት ሰዎች አይደለንም እንዴ? ሙቀት ምን ያደርገናል?»

የእኛ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ሲወጣ እንደ እርጥብ ጫጩት ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀት ሲነሣ ግን የሚያህለው ያለ አይመስለውም። እኔ ምጽዋ ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ። እዚህ ሌላው ቢቀር ማታ ማታ ከተራራው ነፋስ ይወርድልናል። እዚያ ግን ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ሙቀቱ ከባሕሩ ይነሣል፤ ትራሱ ይረጥባል፤ ሰው በገዛ ቤቱ አየር እየለመነ ያድራል። ይህን ሁሉ ለልጄ አልነገርኳትም። ስለዚያ ከተማ ማውራት ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ባሌ ወደቡ ላይ መካኒክ ነበር። አግብቶኝ ወሰደኝ። ሳረግዝ፣ የመጀመሪያ ልጅ በዘመድ መካከል ይወለዳል ተብሎ ወደ አገር ቤት ላከኝ። እናቴ ቀደም ብላ ስለ ሞተች የወለድኩት በእናቱ ቤት ነው። ልጅቷ እንደ ተወለደች ጦርነቱ ምጽዋ ገባ፤ መንገዱም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ስለ ባሌ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ከሚያውቅ ሰው አልሰማሁም ማለቴ ነው። ከማያውቀው የሰማሁትማ ብዙ ነው። ጦርነቱ አልቆ ከዚያ አገር ሰው ሲጎርፍ እሱ ሳይመጣ ቀረ፤ ሌላ አግብቶ ነው ተባለ። አንዱ አስመራ ሱቅ ከፍቷል ሲል ሌላው ሦስት ልጆች ወልዷል ይላል። በመስኖ ዳር ሽንኩርት አብራኝ የምታለማ ጎረቤቴ፣ «አሣ የለመደ ሰው ለማሽላ አይመለስም፤ አርፈሽ ሽንኩርትሽን ኮትኩቺ» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀችብኝ። ገበያ ውስጥ ይህ አባባል የእኔ መጠሪያ እስኪመስል ድረስ ተደጋገመ። እኔም አመንኩት። ሳምን ደግሞ እንደ ሰነፍ አላመንኩም፤ ከልቤ፣ እስከ አጥንቴ ድረስ አመንኩት። ለልጄም አባትሽ ትቶናል ብዬ አሳደግኳት።

ስለዚህ ልጄ የክረምት ሽርሽር ስታቅድ እኔ የማቅደው ሌላ ነበር። በሕይወት ካለ ፈልጌ ላገኘው፣ ይህችን ልጅ ፊቱ አቁሜ፣ ምን በድዬህ ነው ልለው። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። አዲስ ቀሚስ አሰፋሁ፤ ተጎሳቁዬ እንዲያየኝ አልፈለግኩም። ልብስ ሰፊዋ፣ «ለማን ሠርግ ነው?» አለችኝ።

አሁን ስለ ባሌ ታላቅ ወንድም መናገር አለብኝ። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

በሰፈራችን የእድር ዳኛ ነበር። ከዚያ በላይ ግን የሚታወቀው በመርዶ ነው። ሰው ሲሞት ዘመዱን ማርዳት ካለ እሱ ይጠራል። መቼ እንደሚነገር፣ ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ የደም ግፊት ላለባት ሴት ማን ከጎኗ እንደሚቀመጥ ያውቃል። ማለዳ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ ይሄዳል፤ በር ያንኳኳል፤ ያረዳል። የታመመ ካለ እስኪድን ያቆያል፤ ሠርግ የደገሰ ካለ ሠርጉን ያሳልፋል። ከቀወት ገጠር ሳይቀር ሰዎች እየመጡ ይወስዱት ነበር። «እሱ ያረዳው ሰው አይጎዳም» ይባልለታል። ይህን ምስጋና ብዙ ዓመት ስሰማ ኖሬያለሁ።

ለእኔና ለልጄ ክፉ ነበር አልልም። ልጄ አባባ እያለች ነው ያደገችው። እኔ ደግሞ እናቱን ጦርኩለት። አሮጊቷ ዓይኗ ጠፍቶ፣ እግሯ ተይዞ፣ እስክትሞት ድረስ ያነሣኋትም ያጠብኳትም እኔ ነኝ። ምራትነቴ ነውና የልጇን መምጣት አብሬያት ስጠብቅ ነበር።

በመካከሉ ከማጀቴ ከተማ አንድ እህል ነጋዴ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ ሽማግሌ ላከብኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ልጄን ሳይቀር «እንደ ራሴ ልጅ አሳድጋታለሁ» ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ወደ ባሌ ወንድም ሄዱ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። «ይህች ባለ ባል ሴት ናት» አላቸው። «ወንድሜ ዛሬ ቢመጣ ምን እለዋለሁ? የሰው ሚስት ዳረ ልባል?» ሽማግሌዎቹ አመስግነውት ሄዱ። የማጀቴው ሰው ሌላ አገባ። እኔም ያኔ ይህን አማቼን አልተቀየምኩትም፤ የተቀየምኩት ባሌን ነው። አልመጣ፣ አልለቅቅ ያለኝ እሱ ነው ብዬ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልጄ ጉዞውን ልታስመርቅ መጣች። በእኛ ዘንድ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው የቤተሰቡን ታላቅ ሳያስመርቅ አይነሣም። አማቼና ሚስቱ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጡ። ምሳ በላን። ልጄ ስልኳን ይዛ በመካከላችን ተቀመጠችና ፎቶ ታሳየን ጀመር። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ሰገነት ቤቶች፣ ጥይት የበሳሳውን የድሮ ቤተ መንግሥት፣ የቱርክ ዘመን ነው የሚባለውን ቅስት ሁሉ አሳየችን።

«ይህን ታውቂዋለሽ እማዬ?»

«በበሩ አልፌያለሁ።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ውስጥማ ማን ያስገባኛል? የመካኒክ ሚስት ነበርኩ።»

አማቼ ከመጀመሪያውም ደስ አላለውም። «በነሐሴ ምን ይኬዳል፤ ሰው ደጋ ደጋውን በሚልበት» ይላል። ደግሞ፣ «የሰው አገር ነው አሁን፤ ማንን ታውቃላችሁ?» ይላል። ልጄ ግን ሳቅ ብላ አንድ ሌላ ፎቶ አስጠጋችለት። ደሴቶቹን ከየብስ ጋር የሚያገናኘው ረጅሙ መንገድ ነበር፤ ባሕሩን ሰንጥቆ የሚያልፈው። መነጽሩን አወለቀ። ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበ።

«ይህ ነው?» አለ። «እኔ ሰፊ መስሎኝ። በግራም በቀኝም ውኃ ሆኖ ታዲያ ሰው በየት ይሸሻል?»

«አባባ ደግሞ፣ አሁን ማን ይሸሻል? ሰው የሚሄድበት ሊዋኝ ነው» አለች ልጄ።

እኔ አልሳቅኩም። ይህ ሰው ባሕር አይቶ አያውቅም። ምጽዋን በሥዕል እንኳ አይቶ አያውቅም።

«በዚያ መንገድ ሰው ሸሸ ብሎ ማን ነገረዎት?» አልኩት።

«ሬዲዮ ላይ ይሆናላ።»

«የትኛው ሬዲዮ ነው የመንገዱን ስፋት የሚያወራው?»

ሚስቱ ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ «ተይው እቴ፣ በሰንበት ምድር» አለችኝ። ድምፅዋን ስሰማ እሷም እንደምታውቅ ገባኝ። እሱ መነጽሩን አደረገ፤ እንደገና አወለቀ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬቱ እያየ ተናገረ።

«አራስ ነበርሽ» አለ።

ልጄ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ከዚያ አማቼ ቀስ እያለ አወጣው። ከምጽዋ ያመለጠ የባሌ የሥራ ጓደኛ፣ እኔ ገና ከአራስ ቤት ሳልወጣ እዚህ መጥቶ ነበር። ከተማው በድብደባ ሲታረስ ሁለቱ በዚያ መንገድ ላይ አብረው እየሮጡ ሳለ የመድፍ ጥይት አጠገባቸው ወደቀ። ባሌ አልተነሣም። ጓደኛው ይህን ለእኔ ሊነግረኝ ነበር የመጣው፤ አማቼ ግን በእንግድነት ተቀብሎ፣ አብልቶ፣ እንዳይነግረኝ አስምሎ ሸኘው።

«መርዶ ለአራስ እንዴት ይነገራል?» አለኝ። «ወተትሽ ቢደርቅስ? ራስሽን ብትስቺስ? ክርስትናዋ ይለፍ አልኩ። ክርስትናው ሲያልፍ ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ እናቴ ታመመች። እሷ ሲሻላት ማሽላው ደረሰ፤ አዝመራ ሜዳ ላይ እያለ ማን ለቅሶ ያስቀምጣል? ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ከዚያማ … መቼ ሰማህ ብትይኝ ምን እልሻለሁ?»

እያንዳንዱ ምክንያት ትክክል ነው። እዚህ አገር የትኛውም ሽማግሌ ይህን ሰምቶ ጥፋት ነው አይልም። ለዚህ ነው ደሜ የፈላው።

«የማጀቴው ሰው ሽማግሌ ሲልክስ?» አልኩት።

መነጽሩን በነጠላው ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

«ጓዳ ሆኜ ሰምቼዎታለሁ። ባለ ባል ናት አሏቸው። መሞቱን እያወቁ።»

«እናቴ ነበረችብኝ» አለ። «አንቺ ከሄድሽ እሷን ማን ይጦር ነበር?»

ይህን ሲናገር ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። እውነቱን ስለ ተናገረ ይመስላል።

«ሰው ሁሉ አሣ ለምዶ ቀረ እያለ ሲስቅብኝስ? አብረው ይሰሙ አልነበር?»

«የሰው አፍ ምን ይደረጋል?»

ተነሣሁና በሩን ከፈትኩት። «ይውጡልኝ» አልኩት። «ሲመለሱ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዘው፣ አንኳኩተው ይምጡ። እርስዎ ራስዎ ያርዱኝ። ለሌላው ሲያሳምሩ ኖረዋል፤ ለእኔም ያሳምሩልኝ።»

መጣ። እንደማይመጣ ገምቼ ነበር፤ ግን በማግስቱ ማለዳ መጣ። ከእሱ ጋር ሁለት የእድር ሽማግሌዎችና ግድግዳ የሚያገናኘን አንድ አረጋዊ እስላም ጎረቤቴ ነበሩ። ልጄ ሥራዋን አስፈቅዳ ቀርታ ስለ ነበር በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሽማግሌው ጎረቤቴ ገና ሲገቡ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። ልቤን አጥብቄ ነበር። የማውቀውን ነገር ሰምቼ እሱ ፊት አላለቅስም ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። አማቼ ጉሮሮውን ጠረገና የባሌን ስም፣ የአባቱን ስም ጠርቶ፣ በምጽዋ በጦርነት እንደ ሞተ ተናገረ። በደንብ ነገረኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተመሰገነበትን ሙያ ያን ቀን አየሁት። እኔም እንደ ማንኛዋም ሴት ጮህኩ።

ድንኳን ተጣለ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ እንዲህ ያረጀ ለቅሶ ታይቶ ስለማይታወቅ ሰዉ ጉድ ለማየትም መጣ። ከሚያለቅሱት ግማሹ ባሌ በጠፋ ጊዜ ያልተወለደ ነው። ያቺ የሽንኩርት ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ከሁሉ በላይ ደረቷን ትደቃለች። «ምነው እንዲህ ያለውን ባል፣ ምነው እንዲህ ያለውን» ትላለች። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ፣ «አሣ የለመደውን ማለትሽ ነው?» አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

አማቼ ከወንዶቹ ፊት ተቀምጦ ሐዘንተኛ ሆኖ «እግዜር ያጽናዎት» ይባል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹን ለይቅርታ እኔ ዘንድ ላካቸው። «ወጉን ጠብቆ ነው ልጄ፤ ለክፋት አይደለም» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፤ እኔ ግን አልቻልኩም» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንዲህ ተብሎ አይመለስም። እኔ ግን መለስኩ፤ እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ነሐሴ ላይ ልጄ ፈቃዷን ወስዳ መጣች፤ ምጽዋ ሳይሆን እኔ ዘንድ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ደጅ ተቀምጠን የማሾ እህል ስንለቅም፣ «እንግዲህ ንገሪኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እሱን። አባቴን።»

ስለ አባቷ ክፉ እንጂ ደግ ነገር ከአፌ ሰምታ አታውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ነገርኳት። ሙቀቱ ሲበረታ አልጋችንን ወደ ሰገነቱ ያወጣው ነበር። አንሶላውን በውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ ያለብሰኛል። እርጉዝ ነበርኩና እኔ እስክተኛ ድረስ በካርቶን ቁራጭ ያራግብልኛል። ልጄ እጇን ከሰፌዱ ላይ አንሥታ ሰማችኝ።

«ሌላስ?» አለች።

አሰብኩ። ባሌ ትቶኛል ባልኩበት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ደግ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ቶሎ ብዬ አባርረው ነበር። ሽንኩርት ስኮተኩትም፣ እናቱን ሳጥብም፣ ትዝታው ሲመጣ በእርግማን አስወጣዋለሁ። ብርቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ይህንንም ሥራ በደንብ ሠርቼዋለሁ። አሁን ብፈልገው ድምፁ የለም። ሲስቅ እንዴት እንደ ነበር የለም። እጁ ሲነካኝ ሸካራ ይሁን ለስላሳ አላውቅም። ሌላ አገባ ሲሉኝ በሐሳቤ የፈጠርኳትን ሴት ግን፣ ያልነበረችውን፣ ጥርሷን ከነነጠላዋ ጥለት እስከ ዛሬ አውቃታለሁ።

«ሌላ አልመጣልኝም» አልኳት።

ልጄ አላዘነችም፤ ወይ አላሳየችኝም። ጥቂት ማሾ ለቀመችና፣ «ቤቱ ጋ ብንሄድ ይመጣልሽ ይሆን?» አለችኝ። ቤቱ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሰገነቱ ቢኖር እንኳ እዚያ ቆሜ የማስታውሰው እሱን ይሁን ሙቀቱን አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳት። ከዚያም ፈቃዷን ወደ ጥር እንድታዞረው ነገርኳት፤ በጥር እዚያ ቀን ቀን መራመድ ይቻላል።