እናቷ ታልቅስ ያልሁበት ስብከት

የያዙኝ ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሬ ስወጣ ነው። ያስገቡኝ ጣና ዳር ካለ ግቢ ውስጥ፣ ድሮ መጋዘን ከነበረ ክፍል ነው። ሐይቁ አይታይም፤ ግድግዳው ግን ርጥብ ነው፣ ትንኙም አያስተኛም። ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡትን ሰው ወዲያው ዐወቅኋቸው። ሰባታሚት የምትባል የገጠር ቀበሌ ገበሬ ናቸው፤ ያስተማርሁበት ቀብር የሴት ልጃቸው ነበር። በጥይት ነው የሞተችው። የማን ጥይት እንደሆነ ጮኸው በመጠየቃቸው እሳቸውም ታስረዋል።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሲያለቅስ ሽማግሌ ተነሥቶ «በቃ፣ እግዜርን አታስቀይሙ» ይላል። የዚያን ቀን እናቲቱን ሊያስቆሙ ሲነሡ ከለከልሁ። ሄሮድስ ሕፃናቱን ባስፈጀ ጊዜ ራሔል መጽናናትን እምቢ ማለቷን አነሣሁና፣ «መጽሐፉ እንኳ ራሔልን በቃሽ አላላትም፤ እናቷ ታልቅስ» አልሁ። ለካ አንዱ በስልኩ ቀድቶታል።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። የገዛ ድምፄን ከፍቶ አሰማኝ።

«ሄሮድስ ያልኸው ማንን ነው?»

«ሄሮድስን።»

ፈገግ አለ። «እኔም ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁ። እንካ፣ የስብከትህን ጭብጥ ተንትነህ ጻፍ። ደኅና ከሆነ ሰኞ ቤትህ ትገባለህ።»

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ያኔ ጡት አልጣለችም ነበር። ሦስት ገጽ ጻፍሁ። የትንሣኤ ተስፋ፣ የንጹሐን ሰማዕትነት፣ ጠላትን መውደድ፣ ትዕግሥት። መምህሮቼ ቢያርሙት ሙሉ ማርክ ይሰጡኝ ነበር፤ አንድም ሐሰት የለበትም። የእናቲቱን ልቅሶ ግን ዘለልሁት።

ስመለስ ሰውየው ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«መምህር፣ ምን አልሃቸው?»

የጻፍሁትን ነገርኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«እናቷ ታልቅስ ያልኸውስ?»

«እሱን አልጻፍሁትም፣ አባቴ።»

«አዬ» አሉ። «ሬሳዋ ከመጣ ጀምሮ እናቷ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም ነበር። ያንተን ቃል ሰምታ፣ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ነው ውሃ የጠየቀች» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጃቸውን ሁለተኛ የቀበርኋት እኔ መሰለኝ።

ጧት ጠባቂውን ለምኜ መርማሪው ዘንድ ገባሁ። «አንድ ጭብጥ ዘልያለሁ፤ ወረቀቴን ይስጡኝ» አልሁት። ከግርጌው ላይ ጻፍሁ፦ «እግዚአብሔር የምታለቅስ እናትን ዝም በይ አይላትም፤ ገዳዩን ግን ይጠይቀዋል። የስብከቱ ዋና ጭብጥ ይህ ነው።» ፈረምሁበትም።

መርማሪው አነበበውና እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። «ሰኞ መውጫህ ነበር እኮ» አለ፣ ያዘነልኝ ይመስል።

ለሰውየው ልነግራቸው ቸኩዬ ተመለስሁ። ጥጉ ባዶ ነበር። «አሁን ነው ጭነው የወሰዷቸው» አሉኝ አብረውን የታሰሩት፤ ወዴት እንደሆነ ያወቀ የለም።

ከሰባት ወር በኋላ ስፈታ ሰባታሚት ሄድሁ። እናቲቱ ብቻቸውን ነበሩ። ባላቸው ታመው ተለቀው፣ ቤታቸው በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ዐርፈዋል። ላጽናናቸው ሄጄ እኔው ሳለቅስ እሳቸው ያጽናኑኝ ጀመር።

«ስላንተ አጫውቶኛል» አሉኝ። «‹መምህሩ ልጆች አሉት፣ ፈርቶ ነው። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እንዳትቀየሚው› ብሎኝ ነው የሞተ።»

ተመልሼ መጻፌን ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ተውሁት። ሟቹ ይቅር ያሉት ያን የፈራውን ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ዛሬ ስለ ይቅርታ ሳስተምር ንስሐ ይቀድማል እላለሁ፤ ትምህርቱ እንደዚያ ነው። እሳቸው ግን መመለሴን ሳይሰሙ ነው የማሩኝ። ይህን ለጉባኤው ልናገር በተነሣሁ ቁጥር እንባ ይቀድመኛል፤ እስካሁን አልተናገርሁትም።