ከፍራንክፈርት ሮም ስንት ሰዓት ነው?

የእትዬ ድንቅነሽ አንድ ቀን ብዙ ያስወጣል። ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ወርዶ መውጣት አለ፤ ተክለ ሃይማኖት ለመድረስ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ እዚያ ደግሞ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ አጎንብሶ የሚውል ወገብ። ምሳ ሁለት ዳቦ በሻይ። ከሁሉ በፊት ግን የኢንተርኔት ፓኬጅ ይገዛል። ልጆቻቸው ያሉት እዚያ ውስጥ ነዋ!

ልጃቸው ሎሚ ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ታላቅ ወንድሟ ዮፍታሔ ፍራንክፈርት ነው። ለእናትየው ግን ሁለቱም «አውሮፓ» ናቸው፤ እንደ ልደታና እንደ ጌጃ ሰፈር፣ አንዱ ሲጣራ ሌላው የሚሰማበት።

ባለፈው ሰኞ ሎሚ ደወለች። ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኝቷል፤ ዓርብ ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። እትዬ ድንቅነሽ የጎረቤታቸውን የሳሚያን በር አንኳኩ።

«ሳሚያዬ፣ ከዮፍታሔ ሎሚ ዘንድ ስንት ሰዓት ነው? እስቲ በስልክሽ እይልኝ።»

ሳሚያ ሽንኩርት የነካ እጇን ጠራርጋ ፈለገችላቸው። «ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፣ እትዬ። በአውሮፕላን ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።»

«ሁለት ሰዓት! እኔ ትናንት ከዚህ ሰሚት ለቅሶ ስሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል!»

«ያውም ቆመው።»

«ያውም ቆሜ!»

ሳቁ። እዚያው ደጃፍ ላይ ለሎሚ የድምፅ መልእክት ላኩላት፦ «አይዞሽ፣ ዓርብ ወንድምሽ ይደርስልሻል።» ዮፍታሔን አልጠየቁትም። ይህ ደግሞ ይጠየቃል? እህት ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ወንድም ራስጌዋ ሳይቀመጥ?

ሎሚም አመነች። ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ሴት «አብሬሽ ልዋል» ስትላት፣ «ወንድሜ ይመጣል፣ አንቺ ከሥራሽ አትቅሪ» ብላ መለሰቻት። ሴትየዋም ከአሠሪዎቿ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ዮፍታሔ ደወለ።

«እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ምን ብዬ? ይመጣል ብዬ! ሁለት ሰዓት ተቀምጠህ መብረር ከበደህ?»

«የመኖሪያ ወረቀት የለኝም» አለ።

«ጨርሻለሁ ብለኸኝ!»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ከጀርመን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ የስድስት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው። አውሮፕላኖቹማ ከመስኮቴ ይታዩኛል፣ እማዬ።»

ሊቆጡት ፈለጉ፤ አቃታቸው። «ቁርስ በልተሃል?» ብቻ አሉት።

እሳቸው ልሂድ እንዳይሉ ፓስፖርት እንኳ የላቸውም። ለሎሚ ደውለው እውነቱን ነገሯት። «እሺ እማዬ፣ ችግር የለውም፤ አብሬሽ ልዋል ያለችኝን ሴት ግን ወንድሜ ይመጣል ብዬ መልሻታለሁ» አለችና ቶሎ ዘጋችው። ያን ቀን እትዬ ድንቅነሽ የአንድ ተማሪ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፉት። ፈቱት። ደግመው እንደዚያው ሰፉት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሳሚያ «ፌስቡክ ላይ እንጻፈው፣ ሰው አይጠፋም» ብትላቸው፣ አጠገቧ ተቀምጠው እንዲህ አጻፏት፦

«ሮም ያላችሁ ልጆቼ፣ ልጄ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትገባለች። ሰው ይመጣልሻል ብዬ ሰው ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ምንም ይዛችሁ አትሂዱ። ስትነቃ በአማርኛ ‹እግዜር ይማርሽ› የሚላት ሰው ይኑር። የሐኪም ቤቱን አድራሻ ሳሚያ ትልክላችኋለች። እባካችሁ፣ አንዳችሁ ራስጌዋ ተቀመጡልኝ።»