አንድ ሚሊዮን ሦስት እና የእኔ ስለት

ሐኪሞቹ «ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል» ሲሉኝ ባለቤቴን ይዤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድኩ። ከወገቧ በታች አልንቀሳቀስ ካላት አምስት ወር ሆኗታል። ፎገራ ላይ ውኃ የተኛበት ወቅት ነበር፤ ከወረታ ስንወጣ የሰጠመውን ማሳ እያየሁ «የኔም ቤት እንዲሁ ነው» አልኩ። እኔ የሩዝ መፈልፈያ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ እሷ የሒሳብ መምህርት ናት።

እንደ ደንቡ ሁለት ሱባኤ፣ አስራ አራት ቀን ልትታጠብ ገባን። ጠዋት ጠዋት አዝዬ አስገባታለሁ፤ አውጥቼ እግሯን እያሸሁ «ተሰማሽ?» እላለሁ። «አልተሰማኝም» ትላለች። ልቤ ሲዝል አይታ ነው መሰለኝ ደብተር አስወጣችኝ።

«አንድ ሚሊዮን ሦስት ብለህ ጻፍ። ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ፈልግልኝ፤ እኔም ረስቼዋለሁ።»

ብቸኛ ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም የማያካፍለው ነው። ኔትወርክ የለ፣ ማንን ልጠይቅ? «ከሺህ በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ሞክር» አለችኝ፤ «ሁለቱም አካፋዮች ከሺህ ከበለጡማ ብዜታቸው ያልፈዋል።» መቶ ስልሳ ስምንቱንም በቃሏ አስጻፈችኝ።

ያኔ ነው ያበድኩት። ሰው ለታቦት ይሳላል፤ እኔ ለቁጥር ተሳልኩ። አንዱ እንኳ ያለቀሪ ካካፈለው ትነሣለች አልኩ። በሆዴ መያዝ አቅቶኝ ለራሷ ነገርኳት።

«ቁጥር ስለት አይሰማም፣ አንተ ሰው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን «ዛሬስ?» ማለት አመጣች። እሷም ተስፋ አድርጋ ነበር።

በሰባት አካፈልኩ፣ አራት ተረፈ። በአስራ አንድ፣ አራት። በአስራ ሦስት፣ አራት። በሠላሳ ሰባትም አራት ሲሆንብኝ ደብተሩን ወረወርኩት።

«ይቀልድብኛል እንዴ ይኼ?»

«አንተ ቁጡ፣ አንሳው። ዘጠኝን ስድስት ጊዜ ብትደረድር አራቱም አካፋዮችህ ያለቀሪ ያካፍሉታል። ያንተ ቁጥር ከእሱ በአራት ይበልጣል፤ ሌላ ምን ይተርፍ ኖሯል?»

አነሳሁት። ሲተርፍ፣ ሲተርፍ ዝርዝሩ ሊያልቅ ደረሰ። በአስራ አራተኛው ቀን ጠዋት የቀረኝ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ብቻ ነበር። አካፈልኩ። እሱም እንቢ አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከበሽታው ይልቅ ያን ቁጥር ጠላሁት።

ከውኃው አውጥቼ እግሯን ማሸት ጀመርኩ።

«ተካፈለ!» አልኳት።

ፊቷ በራ። «በስንት?»

«በመጨረሻው። በዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት።»

ሌላ ቁጥር ብጠራ ኖሮ ለማጣራት ደብተሩን ትፈልግ ነበር። ይህን ግን በቃሏ ማስላት ጀመረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ሺህ ሲቀነስ ሦስት በሺህ ሲደመር ሦስት ሲባዛ…» አለች ቀስ ብላ። «ለሚሊዮኑ ዘጠኝ ይጎድለዋል። ካንተ ቁጥር ላይ አስራ ሁለት ይተርፋል እኮ።»

አቀርቅሬ ማሸቴን ቀጠልኩ።

«ተወው በቃ» አለችኝ፤ «ከእንግዲህ እግሬን አትሸው።»